አዋሳኙ ሐይቅ የሆነ መሬት

የደሴ ልጅ የመሬት መንሸራተት አዲስ አይሆንበትም። ክረምት ሲበረታ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ዳገቱ ከነአጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ላይ እንጀራዬ ቅየሳ ነው። አክስቴ እትዬ ሙሉ ከጣና ዳር ደውለው «ጓሮዬ ወደ ባሕር እየገባ ነው» ሲሉኝ፣ ከአፌ የወጣው «ዝናብ በርትቷል እንዴ?» የሚል ነበር።

«የምን ዝናብ! ፀሐዩ አናት እየበሳ» አሉኝ።

ሚያዝያ ላይ ሄጄ አየሁት። ጓሮው ዳር ሣሩ እንደበቀለ ነው፤ ከላይ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። ወርጄ ከታች ሳየው ግን ከሥሩ የተበላ ድፎ ዳቦ ነው። ሞገዱ ውስጡን ቦርቡሮ ቅርፊቱን ብቻ ትቶታል። ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ መዳፌን ያስገባል። ከስንጥቁ ወዲያ ሁለት የጌሾ እግርና አንድ ማንጎ አሉ። የማንጎው ሥር ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አክስቴ ግን አሁንም ያጠጡታል። «ፍሬ ይዟል እኮ!»

ነገሩ ቀላል ነው። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሲቆይ ሞገዱ አንዱን መስመር ደጋግሞ ይመታል፣ አፈሩም ውሃ ይጠግባል። ሐይቁ ሲወርድ ከውጭ ደግፎ የያዘው ውሃ ይሄዳል። ሸክላ የበዛበት አፈር ግን ውሃውን ቶሎ አይለቅም። ደጋፊ የሌለው ከባድ አፈር ምን ይጠብቃል? ይናዳል። እኛ ደሴ የምንፈራው ውሃ ሲመጣ ነው፤ እነሱ ሲሄድም ይፈራሉ።

ጣና ድሮም ይወጣል፣ ይወርዳል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ሰኔ ላይ ይጎድላል። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ይህን አውቆ ነው ውሃው በለቀቀው መሬት ላይ ባሕር ሸሽ የሚዘራው። ዓባይም ከሐይቁ የሚወጣው በዓለት ደፍ ላይ እየፈሰሰ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጨረጨራ ላይ፣ በር ያለው ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. በሮቹ ሰባት ደረሱ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመረቀና የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ጀመረ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ነው የታሰበው። ሦስት ሜትር ለወረቀት ምንም አይደለችም። ሜዳ በሆነ ዳርቻ ላይ ግን አንድ ሜትር ከፍታ ብዙ ርቀት ነው፤ ማሳ ይውጣል ወይ ይለቃል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ሲወርድ የሐይቁ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር።

የአክስቴ ጓሮ የተናደው በበሩ ምክንያት ነው ልል አልችልም፤ ለካሁት የምለው ነገር የለኝም። ደንገሉም አለ። ዳር ዳሩን ሞገድ የሚሰብረው ደንገል ነበር። ለታንኳ ተቆረጠ፣ ለከብት መግቢያ ተመነጠረ፣ ለእርሻ ተነቀለ። የእኛው ቤተሰብም ከመንጣሪዎቹ ውስጥ አለበት። (ይህን አክስቴ ፊት አላነሳውም።)

እኔን የከነከነኝ የይዞታ ደብተሩ ነው። አክስቴ ከሣጥን አውጥተው፣ ከፌስታል ፈተው ሰጡኝ። አዋሳኝ የሚለው ላይ በአንድ በኩል መንገድ፣ በሁለት በኩል ጎረቤት፣ በአራተኛው «ሐይቅ» ይላል። እንደ ቀያሽ ስናገር፣ የሚራመድ አዋሳኝ ወሰን አይደለም። ጎረቤት ቢገፋህ ሽማግሌ ትጠራለህ፣ ካልሆነ ትከሳለህ። ሐይቅ ሲገፋህ ማንን ትጠራለህ?

አክስቴ አንድ ቢሮ ሄደው ጠይቀው ነበር። «መሬቱን ማንም አልወሰደብዎትም» ተብለው ተመለሱ። የቢሮው ሰው ከሕጉ አንፃር ብዙ አልተሳሳተም። የካሣው አዋጅ፣ 1161/2011፣ የሚያወራው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ስለሚለቀቅበት ሁኔታ ነው። የአክስቴን መሬት ልቀቁ ያላቸው የለም። መሬቱ ራሱ ነው የለቀቀው።

እዚህ እኛ ጋ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቅ ከተማ ያለውን ውሃ ተመልከቱ። በር የለውም፣ ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት አፍም የለውም። የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር ይገባል። እዚያ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ የፈጣሪ ሥራ ነው ብለን እናልፋለን። በር ያለው ሐይቅ ግን በሩን የሚከፍት ሰው አለው። የሚከፍት ካለ ደግሞ ቀድሞ መንገር ይችላል።

አክስቴም የሚሉት ከዚህ አያልፍም። «መብራቱንማ እኛስ አንፈልግም? ግን ይንገሩን። ጎመኔን ልልቀምበት» ነው ያሉኝ። የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ መጻፍ ስንት ያስወጣል? አንድ ጠመኔ ነው። ከፍታው የሚለካ ነገር ነው፤ ባለ ጓሮው ጋ የማይደርስበት ምክንያት አይገባኝም።

የአክስቴ ልጅ የድንጋይ ካብ ልሥራ ብሎ ተነስቷል። እኔ ተከራከርኩት። ከጀርባው ውሃ ማስወጫ የሌለው ግንብ፣ ሐይቁ ሲወርድ እርጥቡ አፈር ገፍቶ ይጥለዋል። ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ቅርጫት፣ ጋቢዮን የሚሉት፣ ውሃ ያሳልፋል፣ አፈሩ ቢንቀሳቀስም አብሮ ይተጣጠፋል። ከፊቱ ደንገል ይተከላል። ማድ ቤቱ ደግሞ ወደ መንገዱ ይዛወራል። በማድ ቤቱ አክስቴ አልተስማሙም፤ ጭሱ ሳሎን ይገባል ነው የሚሉት።

ሽቦውን ከኮምቦልቻ በርካሽ አገኝልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነው የመጣሁት። የጠየቅኳቸው ሻጮች በጥቅል ካልሆነ አንሸጥም ብለውኛል። ለአንድ ጓሮ ጥቅሉ ይበዛል። የአክስቴ ልጅ አሁን ከታች ካሉት ሁለት ጎረቤቶች ጋር ተጋርተው ለመግዛት እየተነጋገረ ነው። አንደኛው እሺ ብሏል። ሌላው መስከረም ይለፍና እናያለን ብሏል።