ጌሾ ብዬ ያሳደግኩት

ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ፣ ከገዛ ጓሮዬ የለቀምኩትን ቅጠል ወቅጬ በውሃ ዘፈዘፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍግ እያበላሁ ያሳደግኩት ነው። «ከእንግዲህ ጌሾ ከገበያ መግዛት ቀረ» እያልኩ ሰፈሩን አሰልችቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ በጣሳ ቀድተው ቀመሱ። ዝም አሉ። ደግመው ቀመሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ሻይ ነው እንዴ የጠነሰስሽው?»

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። አንድ ቅጠል በጥሰው ገለበጡና «ይሄማ ቡና ነው» አሉኝ።

ሻይ ማለታቸው እንኳ ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። በሐረር በኩል የቡና ቅጠል ተፈልቶ ቁጢ ተብሎ ይጠጣል። ጠላ ሊያወጣበት ያሰበ ግን ከእኔ በፊት አልሰማሁም። ደግነቱ ቂጣውና ብቅሉ ገና አልገቡም ነበርና የተደፋው ውሃውና ኩራቴ ብቻ ነው።

የተሳሳትኩት ችግኙን ስገዛ ነው። ሰኔ ላይ መንገድ ዳር፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ሁለት መደዳ ችግኞች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ሁለቱም ወዝ የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ቅጠል አላቸው። «ጌሾ» አልኩ፣ አነሱልኝ፣ ከፈልኩ። ቅጠሉን ጠጋ ብዬ ባየው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የቡና ቅጠል ሁለት ሁለት ሆኖ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ጠርዙ ይሞገዳል እንጂ ጥርስ የለውም። ጌሾ ግን አንዱ ቅጠል በዚህ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ በዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ጠርዙን በጣት ሲዳስሱት እንደ ደቃቅ መጋዝ ይሻክራል። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ፈዘዝ ያለ ነው። ይህ ሁሉ ከጠፋብዎ ቅጠሉን ያኝኩት፦ የጌሾ ምሬት ቶሎ ከአፍ አይለቅም።

የሚገርመው፣ ለጌሾ የሚደረገውን ሁሉ አንድ ሳላጎድል ለቡናው አድርጌለት ነበር። ጉድጓዱ ጎኑም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከአፈሩ ጋር አንድ ባልዲ የተብላላ ፍግ፣ በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ጠግቦ ውሃ። ቡናውም ያለ ስሙ እየተጠራ ዝም ብሎ በላ።

ከዚያ በኋላ ከዘሩ ልጀምር አልኩ። እዚህም ቸኮልኩ፦ የጌሾውን ፍሬ እንዳለ ቀበርኩትና ሻጋታ ለበሰ። ፍሬው አተር ያህላል፤ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ ጥቁር ይለወጣል። የሚለቀመው ሲጠቁር ነው። በውሃ ውስጥ በእጅ እየታሸ ሥጋው ከዘሩ መለየት አለበት፣ የሚሻግተው ሥጋው ነውና። የታጠበው ዘር ሳይከርም አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይዘራል፤ መደቡ ላይ ሣር ጣል ይደረግበታል፣ ቡቃያው ሲታይ ሣሩ ይነሳል። መብቀሉ ሳምንታት ይወስዳል። እኔ በየቀኑ አፈሩን እየጫርኩ «ወጣ?» ስል ስንቱን እንደነቀልኩ አላውቅም።

ችግኙ አንድ ስንዝር ሲያልፍ፣ ክረምቱ ሲገባ ይተከላል። ጌሾ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባ ይስማማዋል፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን አይወድም። ሁለቱን ጉድጓድ ቦይ አጠገብ ስለቆፈርኩ ሐምሌ ላይ ሥራቸው በስብሶ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። እኔ ደግሞ ውሃ የጠማቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው! የቀሩት ሦስቱ ከፍ ያለ ቦታ፣ በሁለት ሜትር ርቀት ናቸው፤ ደህና ይዘዋል።

ቅጠል ለመልቀም ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት መታገስ ነው። የጠነከረው የታችኛው ቅጠል ይለቀማል፤ ጫፉና ለጋው ይቀራል፤ አለዚያ ዛፉ በምን ያገግማል? የተለቀመው በስሱ ተሰጥቶ በእጅ ሲጨብጡት እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል፤ እርጥበት ይዞ ከተከተተ ይሻግታል፣ የሻገተ ጌሾ ደግሞ ጋኑን ሙሉ ያበላሻል። ዛፉ ዝም ካሉት ቁመቱ ከጣሪያ ያልፋል፤ እኔ ሰው ቁመት ላይ ልቆርጠው ነው፣ ጎን ቅርንጫፍ እንዲያወጣና በርጩማ ላይ ቆሜ እንዳልለቅም። የሚቆረጠው እንጨት አይጣልም፣ ተከትፎ ለጠጅ ይሆናል።

ያን ዓመት የጥምቀቱን ጠላ እማማ ከገበያ በገዙልኝ ጌሾ አደረስነው። ቡናውን ግን ጫፍ ሳላስቀር መልጬው ስለነበር እንጨቱ ብቻ ቀርቶ የበጋ መጥረጊያ መስሎ ከረመ። ክረምቱ ሲገባ አቆጠቆጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነጭ አበባ ለብሶ ጓሮውን በመዓዛው ሞላው። እማማ በአጥሩ ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠይቁኛል፦

«አንቺ፣ ጌሾሽ አበበ?»