ምላሰኛው ኬይ

ሰሞኑን የጥንቷን ብሪታንያ የተረት ንጉሥ፣ የአርተርን ታሪኮች እያነበብኩ ነው። ዝነኛው ፈረሰኛው ላንስሎት ብዙም አልማረከኝም፤ ሲያፈቅርም ሲዋጋም ፍጹም ነው፣ ይሰለቻል። ልቤ የቀረው ኬይ ዘንድ ነው፤ የንጉሡ ቤት አዛዥ፣ ግብር አስተናባሪው፣ ምላሰኛው ኬይ። በብዙዎቹ ተረኮች ዕጣው ያው ነው፤ አዲስ የመጣ ጎረምሳ ላይ ያላግጣል፣ ጎረምሳው ጀግና ሆኖ ይወጣል፣ ኬይ ከፈረሱ ይወድቃል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፈረንሳዊው ገጣሚ ክሬቲየን ደ ትሯ በጻፈው የፔርስቫል ታሪክ ውስጥማ፣ ለፔርስቫል የሳቀችለትን ልጃገረድ በጥፊ ይመታታል። ኋላ ፔርስቫል ክንዱን ሲሰብረው፣ ይበለው አልኩ።

የዌልሶቹ ኬይ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1100 ገደማ እንደተቀናበረ በሚነገርለት የኪልሁኽና የኦልዌን ተረት ውስጥ ዘጠኝ ቀንና ዘጠኝ ሌሊት ውኃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ያንኑ ያህልም እንቅልፍ ሳያይ ይከርማል። ሲያሻው የጫካውን ረጅም ዛፍ ያህላል። በሰይፉ የቆሰለን ሐኪም አያድነውም። ዶፍ ቢወርድ በእጁ የያዘው ነገር አይርስም፤ ብርድ ሲጠና ደግሞ በሰውነቱ ሙቀት ባልንጀሮቹ እሳት ያቀጣጥላሉ። አባቱ የተናገረለት ትንቢት አለ፤ ልጄ ከሆነ ልቡ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ እጁም አይሞቅም፤ ሸክም ሲሸከም ከፊትም ከኋላም ማንም አያይበትም፤ እንደ እሱ ያለ አገልጋይ አይገኝም። (ሙቀቱን በተመለከተ ተረቱ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አምናለሁ።) ያ የማይታይ ሸክም ከአእምሮዬ አልወጣም።

እዚያው ተረት ውስጥ ለአደን ውሾች ማሰሪያ የሚሆን ክር ያስፈልጋል። ክሩ ከጢማሙ ዲሉስ ጢም ካልሆነ አይሆንም፤ ጢሙም መነቀል ያለበት ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው። ኬይና ጓደኛው ቤድዊር፣ ዲሉስ የከርከሮ ሥጋ በልቶ እስኪተኛ ይጠብቃሉ፤ ጉድጓድ ቆፍረው እዚያ ውስጥ ይከቱትና ጢሙን በእንጨት ወረንጦ ይነቅሉታል፤ ከዚያ ይገድሉታል። ኬይ ማሰሪያውን ይዞ ሲመለስ አርተር ምን አለ? ግጥም ገጠመበት። ዲሉስ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ገዳይህ እሱ ነበር፣ የሚል። ኬይ ተቀየመ፤ የአገሩ ጀግኖች ተሯሩጠው ሊያስታርቋቸው እንኳ ተቸገሩ። ከዚያ ወዲህ የንጉሡ ሰዎች ሲያልቁ እንኳ ኬይ እጁን አላነሳለትም።

ቂመኛ ነው የሚለው ይኖራል። እኔ ግን ንጉሡን ነው የምወቅሰው። አንተው ልከኸው፣ ያዘዝከውን ይዞ ሲመጣ በሰው ፊት ትዘፍንበታለህ?

በ1200 ገደማ ፈረንሳዊው ገጣሚ ሮቤር ደ ቦሮን የጻፈው የጠንቋዩ የሜርሊን ታሪክ ደግሞ የምላሱን ምንጭ ይነግረናል። አርተር ሕፃን ሳለ ለኬይ አባት በአደራ ሲሰጥ፣ የኬይ እናት የገዛ ልጇን ለሌላ ሞግዚት ሰጥታ ጡቷን ለአርተር ታጠባለች። አርተር አድጎ ሰይፉን ከድንጋይ ሲነቅልና ንጉሥነቱ ሲታወቅ አባትየው አንድ ነገር ብቻ ይለምነዋል፤ ኬይን የቤትህ አዛዥ አድርገው፣ ክፉ ቢናገርም ቻለው፣ ጠባዩ የተበላሸው ካጠባችው ሴት ነው፣ ያም የሆነው በአንተ ምክንያት ነው። የጡት ልጅነት ዝምድና በሆነበት አገር ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ተራ ሰበብ አይደለም። ለሞግዚቷ ግን አዘንኩላት፤ ጥፋቱ ሁሉ እሷ ላይ ተላከከ፣ ስሟ እንኳ አልተጠቀሰም።

የአርተርን ታሪክ በላቲን የጻፈው የመንመዙ ጄፍሪ፣ አርተር ከሮም ጋር ሲዋጋ ኬይን አቁስሎ ይገድለዋል። በዌልሱ ተረት ግን ገዳዩ ግዊዳውግ የሚባል ሰው ነው፤ ይህም የሚነገረው በረጅሙ የጀግኖች ስም ዝርዝር መሃል፣ እንደ ዋዛ ነው። አንባቢ ቢዘለው አይፈረድበትም። ኬይን ግዊዳውግ ገደለው፤ አርተርም ግዊዳውግንና ወንድሞቹን ገድሎ የኬይን ደም መለሰ ይላል።