«ሌላ መድኃኒት አልወስድም»

ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ፓክስሎቪድ የሚባለው የኮቪድ ክኒን ገና አዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው ማለቴ ነው።

አንድ አባት ማዘዣ ይዘው መጡ። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል። ሕመሙ ከጀመራቸው 4ኛ ቀናቸው ነው። ክኒኑ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ተጣደፍኩ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

እሺ ብዬ ማስረዳት ያዝኩ። ሁለት ሮዝ፣ አንድ ነጭ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ5 ቀን።

ሰውየው ሥርዓት ይወዳሉ። የቀናት ስም የተጻፈባት የክኒን ሳጥን ከኪሳቸው አወጡ። እዚያው ሊደረድሩ ነው። የነገን ክዳን ሲከፍቱ አንዲት ክኒን ቁጭ ብላለች።

«ይቺስ?»

«እሷማ የኮሌስትሮል ናት። ስንት ዓመቴ ከወሰድኳት! አሁን እሷ መድኃኒት ትባላለች?»

ሲምቫስታቲን። ክው አልኩ።

ቫይረሱን የሚመታው ሮዙ ነው፤ ኒርማትሬልቪር ይባላል። ቫይረሱ ለመራባት ፕሮቲኖቹን የሚቆራርጥበትን ኢንዛይም ያግዳል። ብቻውን ሲሆን ግን ጉበት ቶሎ ሰባብሮ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ነጩ፣ ሪቶናቪር፣ ጉበትን ያዝ ያደርግለታል። ሪቶናቪር የቆየ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለኤችአይቪ የተፈቀደ። አዲስ በሽታ ሲመጣ መደርደሪያ ላይ ያለውን መፈተሽ የተለመደ ነው። ለኮቪድ የዋለው ሌላው መድኃኒት ሬምዴሲቪርም ከኮቪድ በፊት ኮንጎ ውስጥ በኢቦላ ላይ ተሞክሮ፣ በፀረ እንግዳ አካል መድኃኒቶች ተበልጦ ነበር።

ታዲያ ሪቶናቪር ጉበትን ሲይዝ ለሮዙ ብቻ ብሎ አይይዝም። ሲምቫስታቲንም ሳይሰባበር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ ጡንቻ ሊፈርስ ይችላል፤ ፍርስራሹ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ አውቀው ነበር እኮ። ፈተና ላይ ብጠየቅ ሳልተነፍስ እመልሰው ነበር።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ሲምቫስታቲኑ ይቁም፣ ሕክምናው ካለቀም በኋላ 5 ቀን ይቆይ አለ። የመጨረሻዋን የዋጡት ትናንት ማታ ነው። ከዋጧት 12 ሰዓት ስላለፈ ፓክስሎቪዱን በዚያው ቀን ጀመሩ። ሳጥኗን ክዳን በክዳን ከፍተን ክኒኖቹን አብረን ለቀምን።

ከዚያ ወዲህ «ሌላ መድኃኒት» የሚለውን ጥያቄ ትቻለሁ። «ሲነሱ ምን ይውጣሉ? ሲተኙስ?» ነው የምለው።

እሳቸው በ10ኛው ቀን ደወሉ። ድምፃቸው ጠርቷል።

«ልጄ፣ ያቺን መድኃኒት ያልሆነችውን መቼ ልመልሳት?»