የሌሊቷን ሳቢሳ ፍለጋ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ

ከደሴ የተነሣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በወልድያው አስፋልት ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ጭጋግ ከያዘው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጎሕ ሳይቀድ ውሃው ዳር መገኘት የግድ ነበር። የሌሊቷ ሳቢሳ የምትባለው ወፍ ውሃ ዳር ስታድን አድራ ሲነጋጋ ቅጠል ውስጥ ትገባለች። አርፍዶ የመጣ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል፤ እሷ ግን ከራሱ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ናት።

ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ መሐሉ ከ80 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቆሞ ለሚያድን ወፍ የሚሆነው ጠርዙ ብቻ ነው፤ ከጠርዙም ዛፍ ያጠላበት። ዳርቻው ብዙ ቦታ ታርሶ ራቁቱን ቀርቷል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን ዛፉን ስለጠበቀ ቅርንጫፉ እስከ ውሃው ይወርዳል። ፍለጋችንም እዚያው ነበር። ወደ ገዳሙ ወንዶች ብቻ ስለሚገቡ እኅቶች ከታንኳ ላይ ማየት ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚታየው መሬቱ ነው። ቅጠልና ድንጋይ ላይ ኖራ የመሰለ ኩስ ካለ ማደሪያዋ ከላይ ነው። ከዚያ ግንድ ተደግፎ 20 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ነው። አንገቷን ስለምታጥፍ ወፍ አትመስልም፤ ጉብ ያለ ጉቶ ናት። የሚያጋልጣት ቢጫ እግሯና ቀይ ዓይኗ ነው። ያደገችው አናቷና ጀርባዋ ጥቁር፣ ክንፏ ግራጫ ነው። ጫጩቷ ቡናማ ሆና ነጠብጣብ አላት፤ ብዙዎችን የምታሳስተውም እሷ ናት። በአፍሪካ የጫካ ወንዞች ዳር የምትኖረው ነጭ ጀርባዋ የሌሊት ሳቢሳ እጅግ ድብቅ ስለሆነች ሁሉም ሊያያት ይመኛል፤ ቡናማዋን ጫጩት ሲያይም «አገኘኋት» ይላል። በጥቁር ራስ ላይ ዓይንን የከበበው ሰፊ ነጭ ቀለበት ካልታየ ያደገች ነጭ ጀርባ ብሎ መመዝገብ አይገባም።

ከታች፣ ውሃ በነካው የዛፍ ሥር ላይ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የምትሆን አጭር ሳቢሳ አጎንብሳ ነበር። ይህቺ ዘር ነፍሳት ወይም ላባ ውሃው ላይ ጥላ ዓሣ ስታጠምድ የታየች ናት። አጋሚ የምትባለው የአማዞን ሳቢሳም አደኗ ከጥላ ሥር ነው፤ ረጅም ምንቃሯን አቅንታ ቆማ ትጠብቃለች። ዛፉ ሲቆረጥ ጥላው ይሄዳል፤ ጥላው ሲሄድ እንዲህ ያሉ ወፎች ማደሪያ ያጣሉ።

ሥራ የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታይ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ ይሻላል። ባትሪ በቀይ ላስቲክ ይሸፈን፤ ነጭ ብርሃን ዓይኗ ላይ ካረፈ ታውራ ከቅርንጫፍ ጋር ትላተማለች። ጎጆ ካለ ፈቀቅ ማለት ነው፤ እናቲቱ ከተነሣች ቁራ እንቁላሉን ይወስዳል።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዛፉ «ቋ» የሚል ሻካራ ድምፅ ወጣ። ከዚያ አንገታቸውን አጥፈው አንድ በአንድ በውሃው ላይ አለፉ። ሽመላ ቢሆን አንገቱን ዘርግቶ ነው የሚበረው፤ በጨለማም ቢሆን የምንለያቸው በዚህ ነው። ቀዛፊው ታንኳውን ያንቀሳቀሰው የመጨረሻዋ ካለፈች በኋላ ነው።