«ልዩነቱን እኛ እንሞላልሻለን»

ከተቋራጭ ድርጅት ወጥቼ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስገባ ደመወዜ ከግማሽ በታች ወረደ። የመንግሥት ደመወዝ ሚስጥር ስላልሆነ ይህን መደበቅ አያስፈልገኝም፤ የመደቡ ደረጃ ይታወቃል፣ መነሻው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የቀድሞ ባልደረቦቼ ዜናውን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት የድሮውን ደመወዜን ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ነበር። ቀጥሎ ደግሞ የጎደለውን ከየት እንደማመጣው መገመት ያዙ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በዚያ ሰሞን የሰማሁትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁትም። ሁሉም እየሳቁ ነው የሚሉት። እኔን አንድም ቀን አላሳቀኝም።

ቅጥሩ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ የሚያዘው የሥራ ግብር እንደተከፈለበት ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ከሠራሁባቸው ድርጅቶች አንዱ በየወሩ ከደመወዜ ይቆርጠው የነበረውን ግብር ሁሉ ለሚመለከተው አካል ስላላስገባ፣ በዚያ ቤት የደከምኩበት ዘመን ከፊሉ ሳይቆጠርልኝ ቀረ። ግብሩ ተቆርጧል፣ የደመወዝ ደረሰኜ ላይ አለ፣ መዝገብ ቤት ግን የለም። እሱን ዋጥ አድርጌ መነሻ ደመወዙን ተቀበልኩ። የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ በሙያዬ ብዙም አልጠየቀኝም። አንዱ አባል ማስረጃዬን እያገላበጡ «ይህን ያህል እየተከፈለሽ ለምን ትመጫለሽ?» አሉኝ። መለስኩላቸው፤ ጽፈው እንደያዙት እንጃ።

ምክንያቴ ይህ ነበር። በተቋራጭ ቤት የኳንቲቲ ሰርቬየር፣ ማለትም የተሠራውን ሥራ የሚለካና ዋጋውን የሚያሰላ ባለሙያ፣ ሥራው ክፍያ ማውጣት ነው። ቴክኦፍ ሺት፣ የልኬት ወረቀት ማለት ነው፣ ትሠሪያለሽ፣ ግንባታውን ለአሠሪው ከሚቆጣጠረው አማካሪ ጋር ትከራከሪያለሽ፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱ ይወጣል። ከየክፍያው ለዋስትና ተቀንሶ የሚቆየው ሬቴንሽን፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ፣ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ግማሹ ከአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ በኋላ ይለቀቃል። ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል። እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የእህል መጋዘን እየለካሁ ስኖር፣ ከመጨረሻ ርክክብ በኋላ ወደ አንዳቸውም ተመልሼ ገብቼ አላውቅም። ማንም አይልከኝም፤ በጀት የለውም፤ የድርጅቱ ጉዳይም አይደለም። ሕንፃው ግን ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሕንፃው በሚቀርበት ወገን ሆኜ መሥራት ፈለግሁ። ይሄው ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም።

በገባሁ በጥቂት ጊዜ፣ የ6 ወር የሙከራ ጊዜዬ ገና ሳያልቅ፣ አንድ የጤና ጣቢያ ክፍያ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ኮንክሪቱን፣ ፌሮውን፣ የግንብ ሥራውን ከሥዕሉ ጋር አስተያየሁት፤ ደህና ነው። ቁፋሮው ላይ ስደርስ ከመሠረቱ አብዛኛው «ሮክ ኤክስካቬሽን» ተብሎ ተይዟል። የዓለት ቁፋሮ ዋጋ ከተራ አፈር ቁፋሮ ዋጋ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። መሠረት ደግሞ የሚቀበር ሥራ ነው። ተሞልቶ፣ ሃርድኮር የሚባለው የወለል ሥር ድንጋይ ተነጥፎ፣ ወለሉ ከተመታ በኋላ ከሥር ዓለት ይሁን ጭቃ ወረቀት ብቻ ነው የሚናገረው።

ሳይት ሄድኩ። የሴፕቲክ ታንኩ ጉድጓድ ገና ክፍት ነበር፤ ከሕንፃው ጥግ ጥቂት እርምጃ ነው የሚርቀው። ወርጄ አየሁት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀይ ሸክላ አፈር፣ የዶማው ጥርስ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደተላገ ለስልሶ ይታያል። ጥልቀቱ ከመሠረቱ ጥልቀት ይበልጣል። ወጥቼ የተቆፈረውን ክምር ዞርኩት። ዓለት ከተፈነቀለ ፍንካቹ አንድ ቦታ መውደቅ አለበት፤ ወይ ክምሩ ውስጥ ይገኛል፣ ወይ ለሃርድኮር ውሏል፣ ወይ ተጭኖ ሄዷል። ክምሩ አፈር ብቻ ነው። ሃርድኮሩ ላይ የገባው ድንጋይ በመኪና እየተጫነ የመጣ ለመሆኑ የራሳቸው ዕለታዊ መዝገብ ይመሰክራል። ዓለት መስበሪያ ኮምፕረሰር ሳይት ገብቶ እንደሆነ ጥበቃውን ጠየቅሁት፤ «የምን ኮምፕረሰር?» አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ለአማካሪው ጻፍኩ። ቁፋሮው ከመሞላቱ በፊት በጋራ የተለካበት ቀን ያለው መዝገብ እንዲቀርብ፣ እስኪቀርብ ድረስ ይህ ንጥል በአፈር ዋጋ እንዲታሰብ። ደብዳቤው አጭር ነበር።

ከዚያ ኢንጂነሩ መጣ። ስሙን አልጠራም። ለዚህ ሙያ ያበቃኝ ሰው ነው፤ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቴክኦፍ ያስያዘኝ፣ የመጀመሪያ ልኬቴን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ እንደገና ያሠራኝ እሱ ነው። በኋላ ድርጅት ቀይሮ የጤና ጣቢያው ተቋራጭ ዘንድ መግባቱን አላወቅሁም ነበር። ሲገባ ተነስቼ ወንበር አቀረብኩለት። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ፦

«ይቺ የዓለት ነገር ምን ሆና ነው?»

«መዝገብ የላትም፣ ኢንጂነር።»

«አማካሪው ፈርሟል እኮ።»

«ፈርሟል። የልኬት ወረቀቱ ላይ ግን የተለካበት ቀን የለም። ሳይት ቡኩ ላይ ደግሞ መሠረቱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ስለ ዓለት የተጻፈ አንድ መስመር አላገኘሁም። የሚቀበር ሥራ ሳይቀበር ዕለቱን ይለካል፣ ዕለቱን ይፈረማል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያኔ ሌላ፣ አሁን ሌላ።»

«ድንጋዩስ የት ሄደ?»

መልስ አልሰጠኝም። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ስሚ፣ የመንግሥትን ስኬል አውቀዋለሁ። የድሮ ደመወዝሽንም አውቃለሁ፤ ያስጨመርኩልሽ እኔ ነኝ። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ እንኳ አትከፍዪበትም። ልዩነቱን እኛ እንሞላልሻለን። በየወሩ። ከድሮሽ አትጎድዪም፣ አትበልጪም። ይሄን እንደ ጉቦ አትዪው።»

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ስሌቱ ነው። ብዙ ገንዘብ ጠርቶ ቢያባብለኝ ኖሮ እንደ ማንኛውም ጉቦ አቅራቢ ቆጥሬው አሰናብተው ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አስልቷል። የድሮ ደመወዜን አውጥቶ፣ አዲሱን ቀንሶ፣ ልኩን ይዞ ነው የመጣው። እኔ አስቤ፣ ከቤተሰቤ ጋር ተመካክሬ፣ ወጪዬን ቀንሼ የተቀበልኩትን ውሳኔ እሱ እንደ ጉድለት አይቶ ሊደፍንልኝ መጣ። ደግሞም በፍቅር ነው የተናገረው፤ ፊቱ ላይ ተንኮል አላየሁበትም። እየረዳኝ መስሎታል። ይህ ይበልጥ ከበደኝ።

«ኢንጂነር፣» አልኩት፣ «ደመወዜ ሲቀንስ አውቄ ነው የፈረምኩት። የጎደለብኝ ነገር ቢኖርም እናንተ የምትሞሉት አይደለም። ዓለት ለመውጣቱ መዝገብ ካላችሁ አምጡ፤ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ፣ በሙሉ ዋጋው።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ በአፈር ዋጋ ይታሰባል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ከእሱ ስሰማው ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ለኮሚቴው የነገርኩትን ነገርኩት፤ ስለ ርክክቡ፣ ስለሚዘጋው ፋይል፣ ተመልሼ ስላላየኋቸው ሕንፃዎች። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሲነሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ገና ነሽ» ብሎኝ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልጽፈውም ነበር። የጸናብኝ ቀጥሎ የመጣው ነው።

በማግስቱ የቀረውን ክፍያ አጠናቅቄ፣ የማያከራክረው ሁሉ ሳይዘገይ እንዲከፈል የሚል ማስታወሻ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። ኮንክሪቱ ተሠርቷል፣ ፌሮው ገብቷል፣ ግንቡ ቆሟል። በአንድ ንጥል የተነሳ ሌላውን ሁሉ ማሳደር ልክ አይደለም። በሙያው ያለን ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ በፈረንጆች 1999 የወጣው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ሰነድ፣ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ እንኳ አማካሪው ጥያቄው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ሰርተፊኬት እንዲያወጣ፣ አሠሪው በ56 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ይላል፤ ስህተት ካለም በሚቀጥለው ሰርተፊኬት ይታረማል። የዓለቱ መዝገብ ከተገኘ በቀጣዩ ይካተታል፤ ማንም አይጎዳም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። በተቋራጭ ወገን ሳለሁ ክፍያ ሲዘገይ መጀመሪያ ማን ላይ እንደሚወድቅ አይቻለሁ። ባለድርጅቱ ላይ አይወድቅም፤ እኔም ላይ አልወደቀም። የቀን ሠራተኛው ላይ ነው የሚወድቀው፣ ቀጥሎ ፌራዮውና ግንበኛው ላይ። የአሥራ አምስት ቀን ሒሳብ በሚከፈልበት ዕለት ገንዘብ ያዡ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሠራተኞቹ እስኪመሽ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጠው የግቢውን በር ሲያዩ አብሬያቸው ቆሜ አውቃለሁ። «ነገ» እንድል የምላከው እኔ ነበርኩ። መንግሥት ቤት ያለ ሰው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሲያሳድር ይህን አያይም። አንዳንዱ ደግሞ አውቆ ነው የሚያሳድረው፤ ማሳደሩ ራሱ እጅ መዘርጋት እንደሆነ ተቋራጩም ያውቃል። በእኔ እጅ ያለ ወረቀት እንደዚያ እንዲነበብ አልፈቅድም ብዬ ነበር የወሰንኩት።

ኃላፊዬ ማስታወሻውን አነበቡት። የፋይናንስ ባልደረባችንና ሌሎች ሁለት ሰዎች እዚያው ነበሩ። ቀና ብለው፦ «ትናንት ከለከልሽ፣ ዛሬ አጣደፍሽ። ምን ተስማምታችሁ ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ፋይናንሱ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። እኔ ኢንጂነሩ የመጣ ዕለት ከሥር ከሥር የጻፍኩትን የውይይት ማስታወሻ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው፤ ምን እንደተባልኩ፣ ምን እንደመለስኩ፣ ስንት ሰዓት። አነበቡትና «እንዲህ ዓይነት ነገር በጽሑፍ አይቀመጥም» አሉኝ። ክፍያውን ግን ፈረሙ፤ ዓለቱ በአፈር ዋጋ ተይዞ ወጣ። መዝገቡ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ልብ በሉ፤ ስከለክል ለተቋራጩ «ጨምሩልኝ» ማለቴ ነው፣ ስፈጥን ለኃላፊዬ «ተቀበልኩ» ማለቴ ነው። ሁለቱም ማስረጃ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፦ ደመወዟ ቀንሶ መጣች። ሰው ያነሰ ደመወዝ ወዶ ከተቀበለ ሌላ የሚበላበት አለው ብሎ መደምደም ልማድ ሆኗል። አዲስ ገቢ ሁሉ በዚህ ዓይን ይታያል። አንዳንዱ ታግሶ ይቆያል፣ አንዳንዱ «ካልቀረልኝስ» ይልና እንደተጠረጠረው ይሆናል፣ አንዳንዱም ትቶ ይሄዳል። ጎበዝ የሆኑ ልጆች ሲሄዱ አይቻለሁ።

ከግል ወደ መንግሥት መዞር የሚያስቡ ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። የሚያጽናኗቸው ሰዎች ጡረታውን ይጠቅሱላቸዋል፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 አዋጅ ወዲህ ጡረታ አለው፣ መዋጮውም በሁለቱም ወገን ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ በዚህ በኩል የሚገኝ ትርፍ የለም። እረፍቱ እውነት ነው። በሳምንት 39 ሰዓት ነው የሥራ ሰዓቱ፤ የግሉ እስከ 48 ይሄዳል። የዓመት ፈቃዱም ከ20 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ የግሉ ከ16። እኔ በተቋራጭ ቤት ቅዳሜና እሑድ አላውቅም ነበር፤ አሁን ልጆቼን ቅዳሜ አገኛቸዋለሁ። ስለ ገንዘቡ ግን አልዋሽም፤ ከብዶኛል፣ አሁንም ይከብዳል። «ለሀገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የሕዝብን ገንዘብ የሚለካ ባለሙያ ደመወዝ የቤት ኪራይ የማይሸፍን ከሆነ ተቋራጩ ወሬውን በእሱ ይጀምራል፤ ኢንጂነሩም ከዚያው ነው የጀመረው። ደመወዙ መስተካከል አለበት ስል ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ያቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከአፋቸው ለመንጠቅ ነው።

የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ምዘናዬ ጥሩ ሆኖ ቋሚ ሆንኩ። ደብዳቤውን በተቀበልኩ ዕለት ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁና ያን ቀን በሰው ፊት የተናገሩትን ጥርጣሬ፣ ማስረጃ ካላቸው ለሥነ ምግባር ክፍሉ በጽሑፍ እንዲያቀርቡት፣ ከሌላቸው በዚያው ሰዎች ፊት እንዲያነሱልኝ ጠየቅኋቸው። «ኧረ እኔ እንዲሁ ነው የተናገርኩት፣ አትያዢው» አሉኝ። በጽሑፍ አላቀረቡም፤ በሰዎቹ ፊትም አላነሱም። ጥያቄዬን ቀን ጽፌበት መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ አሁንም መልሱን እጠብቃለሁ።