አንድ ሽምብራ በሦስት ከረጢት

በዘር ጥራት ላቦራቶሪ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ ስለ ጥራጥሬ ዘር አያያዝ በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ገለጻ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ገለጻው አላስጨነቀኝም፤ ያስጨነቀኝ ኃላፊዬ «እንግዶች ስላሉ ሰብሎቹን በሳይንሳዊ ስማቸው ጥራ» ማለታቸው ነበር። ሽምብራን እሸቱንም ቆሎውንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በላቲን ግን ተጠራርተን አናውቅም።

ማታ ስልኬን ይዤ Cicer arietinum የሚለው ስሙ እንዴት እንደሚነበብ ማዳመጥ ጀመርኩ። እንግሊዛዊው አንባቢ «ሲሰር አሪየታይነም» አለ። ጣሊያናዊው «ቺቸር አሪዬቲኑም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ የጥንት ሮማውያን የመጀመሪያዋን ፊደል ሁልጊዜ እንደ «ክ» ያነቧት እንደነበር በሰፊው ካስረዳ በኋላ «ኪከር» ብሎ አረፈው። የዕፅዋት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ አጻጻፉን እንጂ አነባበቡን ስለማይደነግግ የሚዳኘኝ አጣሁ። ይባስ ብሎ ሲሴሮ የተባለው የሮም ተናጋሪ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሽምብራ መሆኑን፣ የጥንቱ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክም ከሲሴሮ ቅድመ አያቶች የአንዱ አፍንጫ ጫፍ እንደ ሽምብራ ፍሬ ስንጥቅ ነበረው ብሎ መጻፉን ሳነብ ከዝግጅቴ አንድ ሰዓት በአፍንጫ አለቀ። በመጨረሻም ሦስቱንም አነባበብ በወረቀቴ ኅዳግ ላይ፣ አንዱን ከአንዱ በታች፣ በፊደል ጽፌ ተኛሁ።

በማግስቱ መድረክ ላይ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ አዘራር ስናገር «ሲሰር» አልኩ፤ ስለ በሽታ ስናገር ዓይኔ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ «ቺቸር» አልኩ፤ ስለ ክምችት ስደርስ «ኪከር» ሆነ። የስሙ ሁለተኛ ቃል የበግ አውራን የሚያመለክት መሆኑን፣ ይህም የፍሬው ቅርጽ የበግ ራስ ስለሚመስል እንደሆነ ሳብራራ ተሰብሳቢው ሁሉ ይጽፍ ስለነበር በራሴ ኮራሁ። አንድ አዛውንት ተሳታፊ እጃቸውን አውጥተው «ከሦስቱ ቶሎ የሚደርሰው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምን ሦስት እንደሆነ ባይገባኝም አላውቅም ማለት ስላሳፈረኝ «ሦስቱም እኩል ይደርሳሉ» ብዬ መለስኩ።

ከሳምንት በኋላ ከቃለ ጉባኤው ቅጂ ጋር ደብዳቤ መጣ። ለሠርቶ ማሳያ ማሳ የሚሆን ሲሰር 5 ኪሎ፣ ቺቸር 5 ኪሎ፣ ኪከር 5 ኪሎ እንዲላክ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ንብረት ክፍል ሮጥኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ መቼ ገቢ ሆነልን?»

«ጋሼ፣ ሁሉም ሽምብራ ነው።»

ጆንያው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ከአንዱ ጆንያ 15 ኪሎ መዝነው በሦስት ከረጢት ከፈሉት፤ ንብረት ወጪ በሚደረግበት ቅጽ፣ በሞዴል 22 ላይ ግን «ሽምብራ» ብለው ብቻ ጻፉና አስፈረሙኝ። ስህተቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አብሬ ለመላክ አስቤ ነበር፤ ኃላፊዬ ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ማንበባቸው አይቀርም ብዬ ተውኩት።

መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ የማሳው ውጤት ደረሰን። «ቺቸር» ከሁለቱ ልቆ የተሻለ ምርት ስለሰጠ ለመጪው ዓመት 50 ኪሎ እንዲላክላቸው በአክብሮት ይጠይቃሉ።