የውርጭ አገር መጽሐፍ በድሬዳዋ ጓሮ

የጓሮ አትክልት አለማምን የሚያስተምሩ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ውርጭ በሚበረታባቸው አገሮች በመሆኑ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ ተቀምጦ የሚያነባቸው ሰው በየገጹ የሚያገኘው ከብርድ የማምለጫ ዘዴ ነው። ዘሩ መቼ ይዘራ ሲባል የመጨረሻው ውርጭ ካለፈበት ቀን ይቆጠራል፤ የት ይተከል ሲባል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይመረጣል፤ መደቡም አፈሩ ቶሎ እንዲሞቅና ውኃው እንዲጠነፍፍ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። እኔም የጓሮ ሥራን የተማርኩት ከእነዚሁ መጻሕፍት ሲሆን ዛሬም ከእጄ አልለዩም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ምክር የማነበው ለምን እንደተሰጠ እየጠየቅሁ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ ምክሩን ለእኛ የአየር ጠባይ ማስማማት አይከብድምና።

ቲማቲምን እንውሰድ። መጽሐፉ ቲማቲም ሙቀት ይወዳል ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን ወሰን አለው። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ደግሞ ከ21 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የአበባው ብናኝ ይደክማል፣ ፍሬ መያዙም ይቀንሳል። በግንቦትና በሰኔ በድሬዳዋ ያበበ ቲማቲምን ቀርቦ ያየ ሰው ምልክቱን አይስተውም፤ አበባው ከግንዱ ጋር በሚያያዝበት ቀጭን አንገት ላይ ያለችው አንጓ መጀመሪያ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያም ጣት ሲነካት አበባው እንዳለ ይረግፋል። ተክሉ ለምለም ስለሆነ ብዙ ሰው ውኃ ወይም ፍግ ያነሰው ይመስለዋል፤ ያነሰው ግን ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ስለዚህ አቆጣጠሩን ገልብጦ ከሙቀቱ መነሣት ይበጃል፦ ዘሩ መስከረም አጋማሽ ላይ ችግኝ መደብ ከገባና ከወር ገደማ በኋላ ከተዛወረ፣ አበባው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርሳል።

የመደቡ ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ብዙ ድካም የሚባክነው እዚያ ላይ ነውና። ከፍ ያለ መደብ በአራቱም ጎኑ ለንፋስና ለፀሐይ ስለተጋለጠ በበጋ በፍጥነት ይደርቃል። በእኛ አገር የሚያዋጣው ከመሬቱ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ፣ ዙሪያው በአፈር የተከተረ መደብ ነው፤ በባልዲ የፈሰሰው ውኃ ወደ መተላለፊያው ሳይሸሽ እዚያው ይሰርጋል። ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ግን ውኃ እንዳይተኛበት ከክትሩ በአንድ በኩል መውጫ መክፈት ያስፈልጋል። አፈሩን ማልበስም በቀዝቃዛ አገር አረም መከላከያ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ እዚህ ዋናው ጥቅሙ ሥሩን ከግለት ማዳን ነው። በሐረርጌ የማሽላ አገዳ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ቆራርጦ በተክሉ ዙሪያ መጎዝጎዝ፣ የተረፈውን ደግሞ ለችግኝ መደብ ዳስ ማድረግ ይቻላል። ሙሉ ፀሐይ የሚለውን ምክር እኔ የጠዋት ፀሐይ ብዬ ነው የምረዳው፤ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ሽፈራው ወይም ፓፓያ ቢያጠላበት ተክሉ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

የሰላጣ ዘር በሞቃት አፈር ውስጥ ያንቀላፋል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አብዛኛው አይበቅልም። ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያም ማታ ላይ ዘርቶ ማጠጣት ይረዳል፤ ውኃ የሚመጥበት ወሳኙ ጊዜ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያልፋልና።

ሽንኩርት ላይ ጉዳዩ ሙቀት ብቻ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ የሚመረተው የሽንኩርት ዓይነት ራስ ለመቋጠር 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ገደማ ነው። ከውጭ በፖስታ የመጣ እንዲህ ያለ ዘር የቱንም ያህል ቢንከባከቡት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንደ ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ያሉት ግን በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ስለሆኑ ዘር ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

ጥቅል ጎመንንና ካሮትን በግንቦት ለማልማት መታገል ግን አልመክርም። ሐረማያ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ከደጋው የሚወርደውን ከድሬዳዋው ከፊራ ገበያ መግዛት ይሻላል። በሙቀቱ ወራት ጓሮውን የምሰጠው ለባሚያ፣ ቅጠሉ ተቀቅሎ ለሚበላው ለሞሎኪያና ለደበርጃን (ኤግፕላንት) ነው። ባሚያ ዘሩ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል፤ ፍሬው ጣት ሲያህል በየሁለት ቀኑ መለቀም አለበት፣ ከዘገየ ይገረጅፋልና። ለዘር የሚፈለጉት ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ተክሉ ላይ እንዳሉ ደርቀው እስኪሰነጠቁ ይተዋሉ።